«ዶክተር፣ መቼ ነው የምሮጠው?»

(ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ለአትሌቶች፣ ለአሰልጣኞችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ሲጻፍ ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም፣ ልምምድ ጨርሳችሁ ላባችሁ ሳይደርቅ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እኔ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነኝ። የማክመው በብዛት ስፖርተኛ ነው። ሌላው ሕመምተኛ ሐኪም ጋ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆኜ ነው?» ብሎ ነው። ስፖርተኛ ግን ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል «ዶክተር፣ መቼ ነው የምሮጠው?» ይላል። ምን እንዳገኘው እንኳ ሳይሰማ። የሙያ ዕድሜዬ ያለፈው ይህን ጥያቄ ስመልስ ነው። አንዳንዴ በትክክል፣ አንዳንዴ ደግሞ ተሳስቼ። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚሁ ነው።

ያደግሁት እዚሁ ነው፣ ለገሃር። እሁድ ከሰዓት ስታዲየም ጎል ሲገባ እኛ ቤት ሬዲዮ አያስፈልግም ነበር፤ ጩኸቱ በመስኮት ይገባል። ታላቅ ወንድሜ ኳስ ተጫዋች ነበር። ሰፈር ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቆመው የሚያዩት ልጅ። ለአንድ ክለብ ሙከራ ሊሄድ 2 ሳምንት ሲቀረው፣ ማንም ሳይነካው፣ ኳስ ይዞ ሲዞር ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር «ቋ» አለ። ማታ ላይ ጉልበቱ ድፎ ዳቦ አከለ። ሰፈራችን የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። መጥተው አዩትና «ወለምታ ነው፣ አይዞህ» አሉት፤ በቅቤ አሹት። በ3 ሳምንት እብጠቱ ጠፋ። ሁላችንም ዳነ ብለን ተደሰትን። ሜዳ ሲመለስ ግን ቀጥ ብሎ መሮጥ ይችላል፣ መዞር ሲፈልግ ጉልበቱ ይከዳዋል። «ይከዳኛል» ነበር የሚለው። ይህን ቃል በኋላ ከስንት ሰው አፍ ሰማሁት መሰላችሁ!

ሙከራው አለፈ። ዓመታት አለፉ። እሱም ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ኳሱን ተወው። እኔ የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም ሆኜ አንድ እሁድ ቤት ስሄድ እማዬ ቡና እያፈላች ነበር። ወንድሜን ሶፋው ላይ አጋደምኩት። ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አደረግሁና በአንድ እጄ ጭኑን፣ በሌላው ቅልጥሙን ከላይ ይዤ ወደ ፊት ሳብ አደረግሁ። ጤነኛ ጉልበት ላይ ቅልጥሙ ትንሽ መጥቶ ቀጥ ይላል፤ ከውስጥ የሚይዘው ገመድ አለና። የእሱ ዝም ብሎ መጣ። የሚያቆመው ነገር አልነበረም። ጅማቱ ከተበጠሰ 11 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው፣ ያወቅነው ግን ያኔ ነው። «ምንድነው?» አለኝ። ወዲያው መናገር አቃተኝ። ላክማን ይባላል ምርመራው፤ መሣሪያ አይፈልግም፣ ከ1 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ያን ዕለት ማታ ወደ ስፖርት ሕክምና እንደምሄድ ወሰንኩ።

መንገዱ አጭር አይደለም። የሕክምና ትምህርት፣ ከዚያ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ማገልገል፣ ከዚያ ጥቁር አንበሳ የአጥንት ሕክምና ስፔሻሊቲ። ተረኛ ስትሆኑ ሌሊቱን ሙሉ የሚመጣው በመኪና የተገጨ ሰው ነው፤ ከግንባታ ላይ የወደቀ ሠራተኛ ነው። ስለ ኳስ ተጫዋች ጉልበት ብታነሱ ጊዜውም ሰሚውም የለም፣ ደግሞም እውነታቸውን ነው፣ ጭኑ ተሰብሮ ኮሪደር ላይ የሚጠብቅ ሰው አለ። ሴት መሆኔም ራሱን የቻለ ነገር ነበረው። የአባቱን እግር ጄሶ እያሰርኩ «እኅቴ፣ ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጣው?» ያለኝ ልጅ ነበር። ዶክተሯ እኔ ነኝ ስለው ደነገጠ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠይቆኝ አባቱ እስኪወጡ ድረስ በየቀኑ ሰላም ይለኝ ነበር። ስፔሻሊቲውን ከጨረስኩ በኋላ ውጭ ሀገር ሄጄ በካሜራ የሚሠራውን የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና ተማርኩ። አርትሮስኮፒ ይባላል። በሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በአንዱ ካሜራ በሌላው መሣሪያ ገብቶ የሚሠራ ነው።

ስለሱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ማሳኪ ዋታናቤ የሚባሉ ጃፓናዊ ሐኪም በካሜራ መሣሪያ የተቀደደ ሜኒስከስ፣ ጉልበት ውስጥ በአጥንቶቹ መሀል እንደ ትራስ የሚያገለግለውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡት በ1962 ቶኪዮ ውስጥ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ እዚያው ከተማ ማራቶን ሮጦ አሸነፈ። የዛሬው የስፖርት ሕክምና አንዱ መሠረት ሲጣል የእኛ ጀግና እዚያው ከተማ ጎዳና ላይ ነበር።

አበበን ካነሳሁ አይቀር፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው እሱን ጠቅሶ ይከራከረኛል። «ዶክተር፣ አበበ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ 6 ሳምንት ሳይሞላው አይደል እንዴ ቶኪዮ ላይ የሮጠው? እኔ ለዚህች እግር 4 ወር ልቀመጥ?» እውነት ነው፣ ሮጧል። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ በዓለም ክብረ ወሰን። ግን ታሪኩን እዚያ ላይ አታቁሙት። ከ4 ዓመት በኋላ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ያው አበበ የግራ እግሩ ቀጭኑ የቅልጥም አጥንት ተሰነጠቀ። ሐኪሞች እስከ ውድድሩ ቀን እግሩ ላይ እንዳይቆም መከሩት። ተነሥቶ ሮጠ። ግማሽ ሳይደርስ አቋረጠና ማሞ ወልዴ አሸነፈ። ሰውየው ያው ነው። ልቡም ያው ነው። የሆድ ቁስል በሳምንታት ይሽራል፣ አጥንት ደግሞ የራሱ ቀጠሮ አለው፤ የማንንም ጀግንነት አይቶ አያሳጥረውም።

አሁን ወደ ጉልበት ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኳስ ተጫዋቾች በርከት ብላችሁ አያለሁ። ጉልበት መሀል ላይ እንደ መስቀል የተጣመሩ ሁለት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው ነው ኤሲኤል የምትሉት። ሙሉ በሙሉ ሲበጠስ እንደ ጨርቅ ሰፍተን የምንመልሰው አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ አይይዝም። ስለዚህ ከራሳችሁ ሰውነት ሌላ ጅማት እንወስዳለን፣ ከቋንጃ ወይም ከጉልበት ፊት ለፊት፣ ከዚያ አጥንቱን በስተን በቦታው እንተክለዋለን።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ያዙልኝ። የተተከለው ጅማት መጀመሪያ ላይ የደም ሥር የለውም፤ ከምንጩ ተቆርጦ የመጣ ገመድ ነው። ሰውነት ቀስ እያለ ደም ሥር ይልክበታል፣ አሮጌውን ያፈርሳል፣ በአዲስ ይተካል። በዚህ መሀል ጅማቱ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ይደክማል። በጣም የሚደክመው ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ልክ በዚያን ጊዜ እብጠቱ ጠፍቷል፣ ሕመሙ ሄዷል፣ ልጁ ሳያነክስ ደረጃ ይወጣል፣ ጓደኞቹ «ድነሃል እኮ!» ይሉታል። ሰውየው እጅግ ጤነኛ የሆነ በሚመስለው ሰዓት ጅማቱ እጅግ ደካማ ነው። ከወንድሜ ጀምሮ ያየሁት ስህተት በሙሉ እዚህች ላይ ነው፤ ሕመም ሲጠፋ መዳን ይመስለናል።

የራሴንም ስህተት ልናገር። ከተመለስኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ የ20 ዓመት አማካይ ተጫዋች ጉልበት ሠራሁ። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሆነ። በ6ኛው ወር መጣ። ክለቡ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ነበር፣ አሰልጣኙ ደውሎልኛል፣ ልጁም ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው። «ዶክተር፣ እናቴንና ሁለት እኅቶቼን የማስተዳድረው እኔ ነኝ» አለኝ። የጭን ጡንቻውን ጥንካሬ ከሌላኛው እግሩ ጋር አነጻጽሬ መለካት ነበረብኝ፤ ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። በአንድ እግር ማዘለልና ርቀቱን መለካት ነበረብኝ። እኔ ግን ላክማን ብቻ አየሁ፣ ጅማቱ ይይዛል። አዘንኩለትና ፈረምኩ። በ3ኛው ጨዋታ እንደገና በጠሰው።

ጥፋቱ የኔ ነው። እናቱ ሊጠይቁት ሲመጡ ኮሪደር ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ የእግዜር ነገር ነው» ብለው እጄን ያዙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በ2016 የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ከጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ሜዳ መመለስን በ1 ወር ባዘገያችሁ ቁጥር እንደገና የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይላል። 1 ወር፣ ግማሽ! የትኛው መድኃኒት ነው እንዲህ የሚያደርግ? እኔ የምሠራው ቀዶ ሕክምና አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። የተረፈው ሥራ ሁሉ እነዚያን 9 ወራት መጠበቅ ነው፣ ከአሰልጣኝ፣ ከማናጀር፣ ከዘመድ፣ ከሁሉም በላይ ከልጁ ከራሱ መጠበቅ።

ግን ጊዜ በነጻ አይገኝም። ይህን ለመረዳት ዘግይቻለሁ። «9 ወር ዕረፍ» ማለት ለኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእሱ 9 የቤት ኪራይ ነው። ሯጭ ካልሮጠ ሽልማት የለም። ሲጎዳ ደመወዙ የሚቆምበት ተጫዋች አክሜያለሁ፣ ውሉ ላይ ስለ ጉዳት አንድም መስመር የለም። ስለዚህ ካርዱ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ፦ «ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው ማነው?» መልሱ «እኔ» ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቁጭ ብለን እናወራለን። ክለብ ካለው፣ ልጁ ፊቴ ተቀምጦ እየሰማ ለክለቡ እደውልና ቀኑን እነግራቸዋለሁ፣ በጽሑፍም እሰጣለሁ። የክለብ አመራር የሆናችሁ እዚህ ካላችሁ ለምናችኋለሁ፦ የተጎዳ ተጫዋች ደመወዝ የሕክምናው አካል ነው። እሱ ሲቋረጥ እኔ የተከልኩት ጅማትም አብሮ ይበጠሳል።

ስለ ሯጮች ደግሞ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ የማያቸው ልጃገረዶች አሉ። ከእነሱ አንዷ ናት የመጣችው፣ 19 ዓመቷ። ቅልጥሟን ያማታል። «የት ጋ?» ስላት በአንድ ጣቷ ነካችው፣ አንዲት ነጥብ። አሰልጣኞች፣ ይህን ልብ በሉ። በመዳፉ ቅልጥሙን ከላይ እስከ ታች የሚያሳይ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን ተቆጥቶበት ነው። በአንድ ጣት አንዲት ነጥብ የሚነካ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቦታ ራጅ ተነሥታ «ንጹህ ነው» ተብላ ሩጫዋን ቀጥላለች። እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ኤምአርአይ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ታየ።

አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ነው። ጫና ሲበዛበት ራሱን ያድሳል፣ እንደ ቤት እድሳት መጀመሪያ ያፈርሳል፣ ከዚያ ይሠራል። ማፍረሱ ሳምንታት ይፈጃል፣ መሥራቱ ወራት። ፈርሶ ገና ሳይሠራ ልምምድ ከተጨመረበት ይሰነጠቃል።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ወር አበባዋን ጠየቅኳት። 8 ወር ሆኖታል አለችኝ። «ጥሩ ስለሠራሁ ነው የጠፋው» ብላ ነው የምታስበው፣ ጓደኞቿም እንደዚያ ይላሉ። እባካችሁ፣ እናቶች፣ አሰልጣኞች፣ ይህ የጥሩ ልምምድ ምልክት አይደለም። ሰውነት የሚገባው ምግብ ከሚወጣው ጉልበት ሲያንስ የሚያጠፋው እሱን ነው፤ ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶታል፣ ወንዶችንም ይጨምራል። ልጅቷ በቀን ሁለቴ ትሮጣለች፣ የምትበላው ግን አንዴ ነው ማለት ይቻላል። ወቅቱ ጾም ነበር። ጹሚ ወይም አትጹሚ ማለት የኔ ሥራ አይደለም፣ ስለ ሰዓቱ ከነፍስ አባቷ ጋር እንድትነጋገር ነገርኳት። ስለ መጠኑ ግን ዝም አላልኩም፦ ሽሮው ይጨመር፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ተልባው፣ ሱፉ ይጨመር፣ ከልምምድ በኋላ ወዲያው ይበላ። ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋትም። 4 ወር ከሩጫ ወጣች፣ ከዚያ በ5 ደቂቃ ሶምሶማ ጀመረች። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ደውላ «ዶክተርዬ፣ መጣ!» አለችኝ። ሜዳልያ ያመጣች መስሎኝ ነበር፤ ለካ የወር አበባዋ ነው። ሁለታችንም ስልኩ ላይ ጮኽን።

ስለ ወጌሻ ትጠይቁኛላችሁ፣ ሁልጊዜም ይጠየቃል። ወጌሻ ጠላቴ አይደለም። ኳስ ሜዳ ላይ ሻንጣ ይዞ የሚሮጠውንም «ወጌሻ» ነው የምንለው፣ ስሙ የክብር ስም ነው። ሰው ወደ እነሱ የሚሄደው ቅርብ ስለሆኑ፣ ስለሚያጽናኑ፣ ወረፋ ስለሌለ ነው። እኔ የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ሰው 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ጉብ ያለው አጥንት ከኋላ በኩል ሲጫኑት ካመመው፣ ሳይታሽ ራጅ ይነሣ። ሁለተኛ፣ በቀርከሃ ወይም በጨርቅ የታሰረ ልጅ ሕመሙ እየባሰበት ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ፍቱለት። በሰዓታት ውስጥ ነው ጡንቻ የሚሞተው። ሬዚደንት ሳለሁ ከስብራቱ ይልቅ በማሰሪያው እጁን ያጣ ሕፃን አይቻለሁ፤ አባቱ «ጠበቅ አድርጉልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

መርፌ ደግሞ ሌላው ጥያቄ ነው። «አንዴ ወግተሽኝ ልሩጥ።» ኮርቲዞን ሕመሙን ያጠፋል፣ አዎ፣ ግን የተረከዝ ጅማት አካባቢ ሲወጋ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። ደግሞም ከጥር 2022 ጀምሮ ማንኛውም በመርፌ የሚሰጥ የዚህ ዓይነት መድኃኒት በውድድር ወቅት በዶፒንግ ሕግ የተከለከለ ነው። ሰፈር ክሊኒክ ገብታችሁ ስሙን ሳታውቁ የተወጋችሁት ነገር የዓመታት ልፋት ሊያሳጣችሁ ይችላል። ስሙን ጠይቁ፣ አስጽፉ።

የተረከዝ ጅማት ላለባችሁ ግን ደስ የሚል ነገር አለኝ። ሆካን አልፍሬድሶን የሚባል ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ራሱ የተረከዝ ጅማቱን እያመመው መሮጥ አቃተው። አለቃውን «ቅደደኝ» ቢለው አለቃው እምቢ አለ። ተናደደና ጅማቱ ከተበጠሰ መቅደዳቸው አይቀርም ብሎ ሆን ብሎ በሕመሙ ላይ ያሠራው ጀመር፣ ተረከዙን ከደረጃ ጫፍ ቀስ እያደረገ ወደ ታች ማውረድ። አልተበጠሰም። ዳነ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ይጠብቁ ለነበሩ 15 ሯጮች ሰጣቸው፣ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት። ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። በ1998 ነው የታተመው። ዛሬ ብዙ ሕመምተኞቼን ከማየቴ በፊት እንኳ ወደዚህ እልካቸዋለሁ። የሚያስፈልገው መሣሪያ ደረጃ ነው፣ መስቀል አደባባይ ደግሞ ደረጃ ሞልቷል። ብቻ 12 ሳምንት ነው እንጂ 12 ቀን አይደለም።

አሰልጣኞች ሳትወጡብኝ አንድ ነገር። የፊፋ 11+ የሚባለው ማሟሟቂያ 15 እንቅስቃሴ ነው፣ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ኳስና ሜዳ ካለ ሌላ ዕቃ አይፈልግም። ኖርዌይ ውስጥ በታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ጉዳትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ሴቶች ኤሲኤላቸው የመበጠስ ዕድሉ ከወንዶች ቢያንስ እጥፍ ስለሆነ የሴት ቡድን የያዛችሁ በተለይ ስሙኝ። በሳምንት 2 ጊዜ። እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ አሰልጣኝ ካለ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ራሴ ሜዳው ድረስ መጥቼ አሳያለሁ፣ ስልኬን ከአስተባባሪዎቹ ውሰዱ።

ወንድሜን ጠይቃችሁኛል፣ ከፊት ያላችሁት። ጉልበቱን ሠርተንለታል፣ እኔ ሳልሆን የሥራ ባልደረባዬ፤ የራስን ወንድም መቅደድ አልችልም። ዛሬ ከልጆቹ ጋር ኳስ ይጫወታል። ሲዞር አይከዳውም። 9 ወሩን ሙሉ ግን ጠብቋል፣ እማዬ በር ላይ ቁጭ ብላ ነበር የምትጠብቀው።

አሁን ጥያቄ እንቀበላለን። የራጅ ፖስታ ይዛችሁ የመጣችሁትን ከዚህ ሆኜ እያየኋችሁ ነው፣ አትደብቁት። እንደጨረስን መብራቱ ወዳለበት፣ በመስኮቱ በኩል ተሰለፉ። አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ እግርሽን ዘርግተሽ የተቀመጥሽው፣ መጀመሪያ አንቺ ነይ። የሚያምሽን ቦታ በአንድ ጣት ነው ወይስ በመዳፍ የምታሳዪኝ፣ እስከዚያ አስቢልኝ።